የጸዱት አርባ አንድ ካሴቶች

ልጃችን ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቷ የምንነጋገረው ስለ መድኃኒት ሰዓትና ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ብቻ ነው። ባለቤቴ ድሮ አንዴ ወሬ ከጀመረች የሚያስቆማት አልነበረም፤ አሁን አንዲት ቃል ለማውጣት ትሰስታለች። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ስቆርጥና ስቀጥል ነው የኖርኩት፤ እዚያ ቤት ዝምታ ማለት አንድ ሰው ሥራውን አልሠራም ማለት ነበር።

ስለዚህ ሳልጠየቅ ቃል ገባሁላት። «ልጅሽን እቤት ውስጥ ትሰሚያታለሽ፤ ማድ ቤት ስትሆኚ ማድ ቤት፣ መኝታ ቤት ስትሆኚ መኝታ ቤት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ያችን አስተያየት እንደገና ለማግኘት ስል ቤቱን አፍርሰህ ሥራ ብባል አፈርሰው ነበር።

ልጃችን መዝፈን ትወድ ነበር። መድረክ ላይ ወጥታ አታውቅም፤ ሳሎን ቁጭ ብላ በትንሿ ቴፕ የራሷን ድምፅ ትቀዳ ነበር። አርባ አንድ ካሴት ትታልናለች።

ጣቢያው ያስወገደውን አሮጌ ኮምፒውተር ከደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ ዕቃ ቤት አስገባሁት። ሥራው ሌት ተቀን በርቶ ዘፈን ማደል ብቻ ስለሆነ ሞኒተርም አላስፈለገው፤ ሁሉን ነገር ከስልኬ አዘዋለሁ። ማራገቢያው ያጓራ ስለነበር ቀየርኩለት፤ አዲስ ዲስክም ጨመርኩለት። ኬብሉን እስከ ማድ ቤትና መኝታ ቤት ዘርግቶ ስፒከሮቹን የሰቀለልኝ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን ሥራ የማይፈታ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ግድግዳ ከሚያስበሱኝ ዘፋኝ ቢቀጥሩ አይሻልም?» አለኝ መሰርሰሪያውን እንደያዘ።

«ዝም ብለህ ብሳ።»

«ጨምቀው ኤምፒስሪ ቢያደርጉት እኮ በአንድ ፍላሽ ያልቅ ነበር።»

«የልጄን ድምፅ አላስጨምቅም» አልኩት፤ ሳላስበው ጮኼበት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀልዱን አቆመ።

እውነቴን ነው፤ አንዲት ነገር እንድትቀነስ አልፈለግሁም። እያንዳንዱን ካሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባለቤቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዘግቼ እያጫወትኩ ቀዳሁት፤ ምንም በማይጨምቀው በትልቁ የፋይል ዓይነት አስቀመጥኩት፤ ቅጂውንም ሁለት ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። አምስት ወር ፈጀብኝ። ቀድቼ ስጨርስ ደግሞ በላፕቶፔ አጸዳሁት። ሹክሹክታውን፣ ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ ከመዝፈኗ በፊት የምትስበውን ትንፋሽ፣ ሁሉንም ጠረግሁት። ማንም አላዘዘኝም፤ እጄ የለመደው ሥራ ነው። ጣቢያችን ውስጥ ትንፋሽ ያለበት ድምፅ አየር ላይ ካዋልክ አለቃ ፊት ትቀርባለህ። ንጹሑ ከተገኘ በኋላ ጥሬውን ማስቀመጥም ነውር ነበር፤ የቴፕ ክር ስለሚያጥረን በላዩ ሌላ እንቀዳበት ነበር። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ጥሬውን ፋይል አጥፍቼ በቦታው ንጹሑን ጻፍኩበት፤ ካሴቶቹንም ሻግተው ስለነበር ከቆሻሻ ጋር ሰጠሁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ ስልኬን ነካሁ። የልጃችን ድምፅ ማድ ቤቱን ሞላው። ባለቤቴ ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ፊቷ በራ። እኔም እንባዬ መጣ። አንዱ ዘፈን አለቀ፤ ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው ሲጀምር ወደ ስፒከሩ ጆሮዋን ሰጠች።

«ወዴት ሄደች?» አለችኝ።

«ማን?»

«ልጄ ናታ።»

«ይኸው እየዘፈነች አይደል እንዴ?»

«እሱንማ ሰማሁ። ስትዘፍን መች ከእኔ ጋር ነበረች? ስታቆም ነው እንጂ። ዘፈኑን ስትጨርስ ‹እማዬ፣ እንዴት ነው?› ትለኛለች፤ እኔ ከዚህ ሆኜ እመልስላታለሁ፤ ትስቅብኛለች። ካሴቱ ላይ አለ፤ ከእሷ ጋር ሰምቼዋለሁ። የት አለ?»

ነበረ። በየዘፈኑ መጨረሻ ነበረ። እኔ ግን ስክሪን ላይ የምቆርጠው በዓይኔ ነው፤ ከዘፈኑ ማለቂያ ወዲያ ያለችውን ትንሽ የድምፅ መስመር አያለሁ፣ እመርጣለሁ፣ አጠፋለሁ። ምን እያለች እንደሆነ አልሰማሁም። ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ እናቷን ጠራች፣ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አፏን ዘጋሁት።

«ቆረጥኩት» አልኳት።

«ካሴቶቹስ?»

መልሱን ከፊቴ ላይ አነበበችው። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ቢላዋውን አንስታ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

ወንድሟ ዲስኩን የጠፋ ፋይል ወደሚመልስ ጓደኛው ዘንድ ወሰደው። በአራተኛው ቀን ይዞት ሲመለስ አልቀለደም። «ጋሼ፣ በላዩ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ምንም የለም» ብሎኝ መልሶ ገጠመልኝና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ባለቤቴ ግን ዘፈኑን አልተወችውም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት ቁጭ ብላ ክፈትልኝ ትላለች። በአንዱ ዘፈንና በሚቀጥለው መካከል ሦስት ሰከንድ ባዶ ትቻለሁ፤ የጣቢያችን ልክ ነው። ባለፈው ማክሰኞ በበሩ ሳልፍ ስታወራ ሰማኋት። ዘፈኑ እንዳበቃ «ቆንጆ ነው የኔ ልጅ፣ መጨረሻው ላይ ግን ቸኮል...» ስትል የሚቀጥለው ዘፈን ገባባት። እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲያልቅ አሁንም ጀመረች፤ አሁንም ቀደማት። ሦስተኛው ላይ ፈጠን ፈጠን ብላ ለመናገር ሞከረች፤ እሱም አልበቃትም።

ይህቺን እንኳ መሥራት እችላለሁ ብዬ ስልኬን ይዤ ገባሁ። ባዶውን ማስረዘም ቀላል ነው፤ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው።

«ለስንት ሰከንድ ላድርግልሽ?» አልኳት።

ዞር ብላ አላየችኝም።

«እስክትመልስልኝ» አለች።

ቁጥሩን ሳልነካ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ከጎኗ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ባለቤቴ መናገሩን ትታ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ ሰጠች፤ ‹እማዬ› እስክትባል ጠበቀች።