የዳለቻዋ ኳኳታ

በደባርቅ ከተማ የመኪናን ድምፅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። አለ የሚል ይምጣና እንወራረድ። አንድ መኪና ገና ከዳባት መንገድ ብቅ ሳይል፣ እኔ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ የእህል ጭነት ይሁን የወታደር ካሚዮን፣ ባዶ ይሁን ሙሉ፣ ሹፌሩ የደላው ይሁን ከሚስቱ የተጣላ እነግራችኋለሁ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ጆሮዬ ግን አስራ ሁለተኛን ጨርሷል።

አባቴ ደምለው የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። የሚነዳትን ጂፕ ቀለሟ ከመልቀቁ የተነሳ ዳለቻ እንላታለን። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ በመልክ ግን እኔ እሻላለሁ። የምታድረው እኛ ግቢ ነው፤ ዶሮዎቻችንም ከእሷ ሥር ጥላ ይዘው ይውላሉ።

ይቺ ዳለቻ ከፊት በኩል መጮህ አመጣች። ጎማዋ ጉድጓድ ሲገባ «ኳ!» ትላለች፤ ሰው በመዶሻ ከሥር የሚመታት ይመስላል። አባባ ያልሞከረው የለም። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ግራሶ ቀባት። ንዝረት የሚያበርድላትን አሞርዛተሯን አውልቆ ከቆመ መኪና በለመነው ቀየረላት። ለጊዜው ዝም ትልና እሱ ደስ ብሎት ፉጨት ሲጀምር «ኳ!» ትለዋለች። ምግብ ማኘክ ትቶ የሚያዳምጥበት ጊዜ ነበር፤ መኪናዋ ቆማ እያለች!

አባባን እንዲህ ያስጨነቀው ድምፁ ብቻ ቢሆን እኔም አልጨነቅ። ዋናው ጭንቀቱ የሚያመላልሰው የደርግ ካድሬ፣ ጓድ ያርጋል ነው። አንድ ቀን ግቢያችን ድረስ መጥቶ «ተነገ ወዲያ ሊማሊሞን ወርደን ድብ ባሕር ስብሰባ አለብን፤ ተዘጋጅ» አለው።

ሊማሊሞ ማለት ገደሉን ታክኮ እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። ከላይ ድንጋይ ብትለቁ ሲያርፍ ድምፁን ሳትሰሙ ትቀራላችሁ።

«ጓድ፣ የፊት እግሯ ድምፅ አለው» አለ አባባ። «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ሊማሊሞን ብወርድባት ሰው እፈጃለሁ።»

«ድምፅ?» አለ ጓድ ያርጋል፣ የካኪ ኮቱን እየጎተተ። «ድምፅ ይታያል እንዴ? የተሰበረ ነገር ካለ አሳየኝ፣ እናቆማታለን። የሚታይ ነገር ሳይኖር አልወርድም ካልክ ግን ስም አለው። አሻጥር ይባላል።»

ይህን ቃል አባባ ያውቀዋል። ከዳባት አንድ ሹፌር «ፍሬኗ አይዝም» ብሎ ቁልፉን ቢመልስ በአሻጥር ተይዞ፣ ሚስቱ እስከ ዛሬ ስንቅ ታመላልሳለች። እና እንግዲህ አስቡት፤ ቢወርድ ገደል፣ አልወርድም ቢል እስር ቤት። መዳኛው ያንን «ኳ» የሚለውን ነገር ፈልጎ በጣት መጠቆም ብቻ ነበር።

«አይዞህ አባባ» አልኩት። «ነገ ከረፋዱ በፊት አገኝልሃለሁ።»

በማግሥቱ ገበያ ነበር። እኔ ኮፈኑ ላይ በደረቴ ተኛሁ፣ ራሴን ወደ ጎማው አንጠለጠልኩ፣ አባባ ደግሞ በገበያው ጎን ያለውን የተቦረቦረ መንገድ ቀስ እያለ ነዳ። ከጃናሞራ አህያ እየነዱ የመጡ ሰዎች ቆመው ያዩን ጀመር።

«ኧረ ደምለው! ልጅህን ልትሸጣት ነው እንዴ የጫንካት?» አለው አንዱ ሽማግሌ።

«ገዢ ከተገኘ!» አለ አባባ፣ ፊቱ ግን አልሳቀም።

«እስቲ ጥርሷን እንይ!»

እኔም ምላሴን አወጣሁላቸው። «ውይ! ይቺስ ትናከሳለች፤ እዚያው ትቆይህ» ብለው አህያቸውን መቱ።

ጎማው ጉድጓድ ገባ፤ «ኳ!» አለ። አብሮትም ሌላ ቀጠን ያለ፣ ቅጭል የሚል ነገር ሰማሁ። ያው ነው ብዬ አለፍኩት።

«በቀኝ ነው!» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ ስጦታ? ለእኔ በግራ ይመስለኛል።»

«አባባ! አፍንጫዬ ሥር እኮ ነው። በቀኝ ነው አልኩህ።»

አመነኝ። ምን ያድርግ? ሰው ሲጨንቀው የልጁንም አፍ ያምናል። ግቢ ገባን፣ በክሪክ አነሳናት፣ ድንጋይ ደገፍንባት፣ የቀኙን ጎማ ፈታን። ጎማውን፣ አሞርዛተሩን፣ ከሥር ያለውን ብረት ሁሉ እያወለቀ ጨርቅ ላይ ደረደረው። እያንዳንዱን ያገላብጠዋል፣ በጥፍሩ ይኮረኩረዋል። ጤነኛ ነው። ሁሉም ጤነኛ! እኔ ሰው በጤንነት እንዲህ ሲናደድ አይቼ አላውቅም። መፍቻው ከእጁ ሁለቴ ወደቀ፤ የአባባ እጅ ደግሞ ዕቃ የሚጥል እጅ አልነበረም። የፈታውን መልሶ እስኪያስር ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች።

እምዬ ታንጉት በሶ በጥብጣ ይዛ ወጣች። እናቴ ስለ መኪና ጠይቃ አታውቅም፤ ለእሷ መኪና ባሏን ወስዶ የሚመልስ አውሬ ነው። ያን ዕለት ግን ጣሳውን እንደያዘች ቆመችና፣

«የግራውንም ትፈቱታላችሁ?» አለች።

«እንፈታዋለን። ምነው?» አለ አባባ።

«ምንም... እንዲሁ ነው። ግራውን ባትነኩትስ?»

«እምዬ ደግሞ! አንቺ ስለ ባሌስትራ ምን አገባሽ?» አልኳት። ባሌስትራ ማለት ከጎማው በላይ መኪናዋን የሚሸከም፣ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ የተደራረበ ብረት ነው። እሷ ግን እኔን አልሰማችኝም። ዓይኗ የዳለቻ የግራ እግር ላይ ተተክሏል። ያኔ ነገሩ ሸተተኝና ተንበርክኬ ሥር ገባሁ።

ባሌስትራው ላይ ጭቃ ተለጥፏል፤ የመንገድ ጭቃ ሳይሆን በእጅ የተመረገ። ብቧጭረው ሽቦ ወጣ። ሽቦውን ብፈታው አንዲት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ እጄ ላይ ወደቀች። ከውስጧ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ።

«አትክፈቺው!» ብላ ጮኸች እምዬ።

አባባ ክታቡን አየ፣ እናቴን አየ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ታንጉት! ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን ላድርግ?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያ ካድሬ የሚካኤልን ሥዕል ከመስታወቱ ላይ ሲገነጥለው አንተ ዝም አልክ። ባዶህን ያን ገደል ስትወርድና ስትወጣ እኔ ዝም ልበል? መምሬ ወልደ ገብርኤልን ለምኜ አስጻፍኩ። እሱ ዓይኑ የማይደርስበት ቦታ አሰርኩት። አንተም አይተህ እንዳታወልቀው መረግኩበት።»

አባባ መጀመሪያ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀ ነው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እንቅልፌን ያጣሁት ለዚች ቆርቆሮ ነው?»

ቆርቆሮዋን ነቀነቅኳት፤ ቅጭል ቅጭል አለች። «ይኸው! ማን አገኘ? እኔ!»

«ድምፁ ግን...» አለ አባባ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ሥዕሉ ከመገንጠሉም በፊት የነበረ ይመስለኛል።»

«አይ አባባ፣ ጆሮህ አርጅቷል።»

ልንሞክራት ወጣን። ወደ ገበያው በኩል ሕዝቡ መንገዱን ስለሞላው፣ ደልዳላ በሆነው በዳባት በኩል ጥቂት ሄደን ተመለስን። ጭጭ! እንደ ሙሽራ ጭጭ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ላገኘሁት ሰው ሁሉ «ዳለቻ ዳነች! እኔ ነኝ ያዳንኳት!» እላለሁ። እምዬ ብቻ ደስ አላላትም። «ያለ እሱ አትወርድም» እያለች አባባን ትከተለዋለች። ክታቡን ኪሱ ውስጥ ሊይዘው ቃል ገባላት፤ እስከዚያው እኔ ከነቆርቆሮው ጉያዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ይህን እያወራን ጓድ ያርጋል ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባ።

«እህ ደምለው፣ ድምፅህ ተገኘ?»

አባባ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ። «ተገኘ ጓድ! ድናለች። ሊማሊሞ ቢሏት ሊማሊሞ፣ ተከዜ ቢሏት ተከዜ ትወርዳለች። ያገኘሁትም እኔ ነኝ።»

«ምን ሆና ነበር?»

ክታቡ ጉያዬ ውስጥ ፍም ሆነብኝ። «ቆርቆሮ» አልኩ። «ቆርቆሮ ተሰክቶባት ነበር።»

«በጣም ጥሩ» አለ ጓድ ያርጋል። «እንግዲያ ነገን ለምን እንጠብቃለን? አሁኑኑ እንውጣና ድብ ባሕር እንደር። ተነሳ።» ብሎ የፊቱን በር ከፍቶ ገባ።

አባባ ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ምነው በተቆጣ ኖሮ። ኮቱን ለብሶ፣ ለእምዬ በዓይኑ ብቻ ተሰናብቶ ገባ። ክታቡን ልሰጠው አልቻልኩም፤ ያርጋል አጠገቡ ተቀምጧል።

በሊማሊሞ በኩል ከበራችን ወጣ ሲሉ መንገዱን የሚያቋርጥ የውሃ ቦይ አለ። ዳለቻ ወደ ቦዩ ወረደች፤ አባባ ፍሬን ያዘ።

«ኳ!»

ይሄኛው ቅጭል አልነበረም። ወፍራም ነው፣ ብረት በብረት ላይ፤ በጥርሴ ነው የሰማሁት። ለካ ሁለት ድምፅ ነበር። እኔ ትንሹን አውጥቼ ትልቁን ትቼዋለሁ፤ «ድናለች» ብዬ ደግሞ ለካድሬ መስክሬያለሁ።

ዳለቻ ቆመች። ሮጬ ደረስኩ።

«ንዳ እንጂ» ይላል ጓድ ያርጋል።

«ጓድ፣ አልሰሙም?» አለ አባባ።

«እኔ የሰማሁት ልጅህ ድናለች ስትል ነው። አሁን ደግሞ ታመመች?» እጁን ሽጉጡ ያለበት ቀበቶ ላይ አሳረፈ። «ደምለው፣ ትጫወትብኛለህ?»

አባባ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት፣ መንገዱ ወደሚጠፋበት ያያል።

እምዬ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ መጣችና የያርጋልን በር ያዘች።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይውረዱልኝ።»

«ጌታ ቀርቷል። ጓድ በይኝ።»

«እሺ ጌታዬ። በዚያ በግራው ያለው ብረት ስንጥቅ አለው። የላይኛው፣ ረጅሙ። ይኸው ጣቴን ቆርጦኛል።» ሌባ ጣቷን ዘረጋች፤ በደረቀ ደም የጠቆረ ቁስል አለው። «ብረት ሁሉ የሚቆርጥ መስሎኝ ዝም አልኩ። አሁን እንዲህ ሲጮህ ስሰማው ነው የገባኝ።»

ያርጋል ጣቷን አየ፣ ፊቷን አየ። «አንቺ ከመንግሥት መኪና ሥር ምን ትሠሪ ነበር?»

የቆርቆሮዋ ጠርዝ ጎኔን ወጋኝ፤ ብተነፍስ የምትጮህ መሰለኝ። አባባ ዓይኑን ጨፈነ።

«ዶሮዬ እዚያ ሥር ትጥላለች» አለች እምዬ። «እንቁላል ስፈልግ ነዋ! ሹፌር ያገባች ሴት ከመኪና ሥር ምን ሌላ ሲሳይ ታገኛለች?»

ጓድ ያርጋል ዞሮ ግቢያችንን አየ። ዶሮዎቹ ዳለቻ ቆማበት የነበረውን አፈር እየጫሩ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። አባባ ጊዜ አላባከነም፤ ወርዶ ቦዩ ውስጥ በጀርባው ተኝቷል። ጭቃውን በመፍቻ ፍቆ፣ የብረት ዘንግ አስገብቶ ገፋ። የላይኛው ባሌስትራ አፉን ከፈተ። ቆርቆሮዋ ታስራበት የነበረችው ልክ ስንጥቁ ላይ ነው።

«ጓድ፣ የተሰበረ አሳየኝ ብለውኝ ነበር» አለ ከሥር ሆኖ። «ይምጡና ጣትዎን ያስገቡ።»

ያርጋል የተተኮሰ ሱሪውን ሰብስቦ አጎነበሰ። ጥፍሩን አስገባ፤ ገባለት። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሊማሊሞ ላይ ቢሰበርስ?»

«መሪው ከእጄ ይወጣል። ስብሰባውን ታች ገደሉ ውስጥ እናደርገዋለን።»

ያርጋል ቦርሳውን ከመኪናዋ አወጣ። «ሌላ ባሌስትራ ከጎንደር እስኪመጣ ትቁም። ያቆምኳት እኔ ነኝ፤ ልብ በል» ብሎ በእግሩ ወደ ከተማ ሄደ።

እምዬ ቦዩ ዳር ድንጋይ ላይ ዝርግፍ ብላ ተቀመጠች። አባባ ከሥር ወጥቶ፣ ጭቃ በጭቃ እጁ ጣቷን ያዘና ብዙ አየው። ከዚያ የተሰነጠቀውን ሊፈታ ተመልሶ ገባ።

እኔም ቆርቆሮዋን ከጉያዬ አወጣሁና፣ «ለማንኛውም» አልኩ፣ «መጀመሪያ ድምፁን የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«ድምፁንማ የሰፈሩ ላም ሁሉ ሰምቶታል» አለ አባባ ከሥር። «አሁን አፍሽን ዝጊና ክሪኩን አምጪ።»