ከመጨረሻው ዘፈን በፊት የተነበበ ስም

ዘርኡ ለአንድ አዛውንት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አወሳሰድ እያስረዳ ሳለ ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ሁለቴ ዘግቶታል። አሁን የደዋይዋን ስም ሲያይ ግን አነሣው። ጎረቤታቸው ኣደ ምንትዋብ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ካልሞተ ወይም ካልተወለደ በቀር ስልክ የሚነኩ ሴት አይደሉም።

"ዘርኡ ወደይ፣ ሴት ልጄ ትናንት ኮንሰርቱ ላይ ነበረች" አሉት ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። "የወንድምህ የሕዝቅኤል ስም ከሙታን ጋር ሲነበብ ሰማሁ ትላለች። እውነት ነው?"

ዘርኡ አዛውንቱን በእጁ ሸኝቶ ወደ መደርደሪያዎቹ ጀርባ ገባ።

"እውነት ነው፣ ኣደይ" አላቸው፤ እንደ ወላጁ ሁሉ እሳቸውንም እናቴ ነው የሚላቸው።

ኣደ ምንትዋብ ወዲያው ሐዘኑን ወደ ጎን አድርገው ወደ ሥርዓቱ ገቡ። መርዶ በጎህ ነው የሚነገረው። ነገ ማለዳ ከንስሐ አባታቸውና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ይመጣሉ፤ ሴቶቹም በር ላይ ይጠብቃሉ። ወሬው እስካሁን ግማሹን ሰፈር አዳርሷል፤ እናቱ ዛሬ ከቤት ከወጡ አንዷ መንገድ ላይ እያለቀሰች ታቅፋቸዋለች።

"እስከ ነገ ከቤት አታስወጣት፤ ራቷንም በደንብ አብላት" አሉት። "ደግሞ ብቻህን ትንፍሽ እንዳትል። እናት እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሳይከባት አትሰማም።"

ለባልደረባው እናቴን አሟት ነው ብሎ ነገረና ነጩን ጋውን አውልቆ፣ መድኃኒት ቤቱ ካለበት ከመቐለው ዓይደር ሰፈር ባጃጅ ያዘ። ቤታቸው ቃላሚኖ አካባቢ ነው። መንገዱን ሙሉ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቱ እስካሁን ወጥተው እንደሆነ።

በሙዚቃ የመጣበትን ዘርኡ አይምረውም። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽሮቹን ሳያይ የኪቦርድ ተጫዋቹን ጣት ሲያይ ውሎ የሚመለስ ሰው ነው። በዚህ በሚያልቀው 2017 ዓ.ም. ብቻ ዐሥራ አራት አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ዘፈን ሳያልፍ ሰምቷል። መቐለ ውስጥ ከተዘጋጁት ኮንሰርቶች ዘጠኙን ቆሞ አይቷል፤ አንዱንማ ዝናብ እየደበደበው። ይህ ፍቅር ያኔ የብቻው አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ ሕዝቅኤል እያለ፣ በየዓመቱ በጳጉሜ መጨረሻ ሁለቱ ቁጭ ብለው የዓመቱን ምርጥ አልበም ይከራከሩ ነበር፤ ዳኛዋ ደግሞ እናታቸው ፍሬወይኒ ነበሩ።

ሕዝቅኤል በ2013 ወደ ጦርነቱ ሄደ፤ አልተመለሰም። በ2016 ጥቅምት የወደቁት ስም ለየቤተሰቡ ሲነገር፣ ከተማው በለቅሶ ሲናወጥ፣ የእነሱን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ፍሬወይኒ ይህን ይዘው ጥቁር አልለበሱም። ዘርኡንም ኮንሰርት ሂድ የሚሉት እሳቸው ነበሩ። ለወንድምህም ስማለት፣ ሲመጣ ምን አመለጠኝ ብሎ ነው የሚጠይቅህ ይሉት ነበር።

በግንቦት፣ ስድስተኛው ኮንሰርት ላይ፣ ረዘነ የሚባል በክራንች የሚሄድ ሰው መልኩን አይቶ የሕዝቅኤል ወንድም አይደለህም ወይ ብሎ ጠየቀው። ድምፅ ማጉያው ስለሚጮህ አፉን ጆሮው ላይ ገጥሞ በገዛ እጄ ቀበርኩት አለው። ዘርኡ ኮንሰርቱ እስኪያልቅ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቤት ሲገባም ለእናቱ ስለ ሳክስፎን ተጫዋቹ ነገራቸው።

ለምን እንደደበቀ ራሱን በጠየቀ ቁጥር የእናቴ ደም ግፊት ብሎ ይመልስ ነበር። ውሸቱን ነው። ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት ሙሉ ቴፕ አይከፈትበትም፤ የሟች ወንድም ኮንሰርት ላይ ቢታይ ሰው ዳግመኛ ዓይኑን አያየውም። ክረምቱ ደግሞ ሦስት ኮንሰርት ነበረው። ዘርኡ ወንድሙን ይወድ ነበር፤ ግን እነዚያን ሦስቱንም ሄዶ አይቷቸዋል።

ትናንት ሓወልቲ በሚገኝ አንድ ሆቴል ግቢ፣ ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ቅርጫት ዞረ። ያጣችሁትን ሰው ስም ጻፉ፣ እናነበዋለን ተባለ። እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እሱ ጋ ሲደርስ፣ ሦስት ወር ሙሉ ያፈነው ነገር እጁን ቀደመው። የሕዝቅኤልን ስም ከነአባቱ፣ ከነሰፈሩ መጠሪያ ጻፈው። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ማን ያውቀዋል ብሎ ነበር፤ መቐለ ውስጥ ስሙ የማይታወቅ ሰው ያለ ይመስል።

ፍሬወይኒን ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ደረሰባቸው። ቅዳሴ አርፍደው ተመልሰው፣ አሁን ደግሞ አንዲት የታመመች ዘመድ ሊጠይቁ መውጣታቸው ነበር።

"ምን ሆነህ በቀትር መጣህ?"

"ዛሬ የዓመቱን አልበም እንምረጥ ብዬ ነው" አለ፤ አፉ ላይ የመጣለት ይህ ብቻ ነበር።

"ጳጉሜ አምስት ነው እንጂ የምንመርጠው። ዛሬ ገና ሁለት ነው።"

"ለበዓል ሥራ ይበዛብኛል፣ ኣደይ። ግቢ።"

ፍሬወይኒ ቅር ያላቸው መሰሉ፤ ግን ተመለሱ። ዘርኡ ትልቁን ድምፅ ማጉያ ሶኬት ላይ ሰክቶ ከስልኩ ጋር አገናኘው። እናቱን በቤት ለማቆየት ሌላ ምንም ዘዴ አልታየውም፤ በዚህም ራሱን ጠላ።

ፍሬወይኒ የመጀመሪያውን አልበም ሁለት ዘፈን ሰምተው ዘፋኙ ድምፅ አለው፣ ግን ይቸኩላል ብለው ጣሉት። ሁለተኛውን ደግሞ ግጥሙን ከየትም የቃረመው ነው አሉ። ዳኝነታቸው እንደ ድሮው ምሕረት የለውም። ሦስተኛው የአንዲት የዓዲግራት ልጅ የመጀመሪያ አልበም ነበር። ስድስተኛው ዘፈን በክራር ብቻ ቀስ ብሎ ይጀምርና ከበሮው ሲገባበት ቤቱን ይሞላዋል። ፍሬወይኒ ከበሮው ሲገባ ቀና አሉ።

"ይሄን ሕዝቅኤል ይወደዋል" አሉ። "እውነቴን ነው። ይሄንን ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም።"

ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በትንሿ ሳሎን መዞር ጀመሩ፤ እግራቸው ከበሮውን ተከትሎ፣ ትከሻቸው ቀስ እያለ። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ፊታቸው ግን የልጃቸውን ሠርግ የሚጨፍር ሰው ፊት ነበር።

"ና እንጂ፣ ምን ይገትርሃል? የወንድምህን ድርሻ ጨምረህ ዙር።"

ዘርኡ መነሣት አቃተው። ነገ በጎህ በሩ ሲንኳኳ እናቱ መጀመሪያ የሚያስታውሱት ይህችን ሰዓት መሆኑ አሁን ገባው። ልጄ ሞቶ ሳለ አስጨፈረኝ ይላሉ፤ እያወቀ። የኣደ ምንትዋብ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለው። ራት ማብላቱም፣ ሽማግሌዎቹም፣ በር ላይ የሚቆሙት ሴቶችም ትዝ አሉት። ብቻውን ቢናገር ሰፈሩ እንደማይምረው አላጣውም። ስልኩን አነሣና ዘፈኑን አቆመው።

ፍሬወይኒ ክንዳቸው አየር ላይ እንዳለ ቆሙ።

"መብራት ሄደ?"

በዚህ ሰሞን በቀን ሦስት ጊዜ ይሄዳል። አዎ ቢላቸው ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ቁጭ ብለው እያወሩ ይመሻል፣ ነገም የሚናገሩት ሌሎች ይሆናሉ።

"አልሄደም፣ ኣደይ። ያቆምኩት እኔ ነኝ።"

ሄዶ የድምፅ ማጉያውን ሶኬት ነቀለው። ገመዱን ጠቅልሎ ከነማጉያው ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከክረምት ብርድ ልብሶቹ ሥር አስገባውና ቆለፈበት። ፍሬወይኒ የሚያደርገውን ሁሉ በዓይናቸው ተከተሉት፤ ክንዳቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ዘርኡ የግቢውን በር ከውስጥ ዘግቶ ተመለሰና እጃቸውን ይዞ፣ ሶፋው ላይ አጠገቡ አስቀመጣቸው።

"ሕዝቅኤልን የቀበረው ሰው አግኝቶኝ ነበር" አለ። "በግንቦት።"