የይልማ ጥያቄ

ድምፁ ተቆረጠ። ሐዳሳ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ነቅላ መልሳ ሰካችው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ኢንተርኔት ቤት ከእሷ ሌላ ደንበኛ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ጉባኤው በኢንተርኔት የሚካሄድ፣ መግቢያውም በነጻ ነበር። ድርጅቶች ያለ ክፍያ ወስደው እንደፈለጉ ስለሚያሻሽሏቸው ሶፍትዌሮች ይወራበታል። ሐዳሳ የምትሠራበት መድኃኒት አከፋፋይ መጋዘኑን የሚቆጣጠረው ከእነዚሁ በአንዱ ነው። የዘረጋው ይልማ ነበር። ይልማ ሻሸመኔ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ከሞተ ገና አርባው አልወጣም፤ ከእሱ ሌላ ደግሞ የሶፍትዌሩን ውስጥ የሚያውቅ ስላልነበረ ሰሞኑን ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ አቶ በላይነህ ትናንት፣ «እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ አውጥተን እንጥለዋለን» ብለዋታል፤ ጉባኤው ላይ የተገኘችውም መላ ፍለጋ ነው።

ድምፁ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሽበታም ፈረንጅ ንግግሩን ጨርሶ ወደ ጥያቄዎቹ ሲሄድ፣ የተሳታፊዎች ስም በሚታይበት የስክሪኑ ጥግ አዲስ ስም ብቅ አለ። «ይልማ፣ ሐዋሳ» ይላል። አጠገቡ አረንጓዴ ነጥብ በርታለች።

ሐዳሳ ስሙን ደግማ አነበበችው።

«ይልማ ከኢትዮጵያ ሲመዘገብ ጥያቄ ልኮልን ነበር» አለ ፈረንጁ በእንግሊዝኛ። «ሁሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ፣ እሱ የሌለ ቀን ሌሎቹ በየት በኩል ይገባሉ? ይላል።» ፈገግ አለ። «ይልማ፣ አለህ?»

ስልኳ ጮኸ። የይልማ ባለቤት እህተማርያም ነበረች፤ ታንሾካሹካለች።

«ሐዳሳዬ፣ ከይልማ ክፍል ሰው ያወራል።»

«ምን?»

«ከቀብሩ ወዲህ ቆልፌዋለሁ እኮ! ማንም አልገባበትም። ስሙን እየጠራው ነው፤ ስሚው።»

ስልኩን ወደ በሩ ሳታስጠጋው አልቀረችም። በሐዳሳ አንድ ጆሮ ፈረንጁ «ይልማ፣ ትሰማኛለህ?» አለ። ጥቂት ዘግይቶ፣ ያው ድምፅ ከሟቹ ክፍል ታፍኖ እየወጣ በሌላው ጆሮዋ ያንኑ ጠየቀ።

«ኮምፒውተሩ ነው» አለች ሐዳሳ። «አጥፍቶት አያውቅም። ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ እንዲገባ አድርጎት ይሆናል።» የራሷ ልብ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም።

«ገብቼ ልዝጋው? ብቻዬን ነኝ፤ ፈራሁ።»

«ዝጊው» ልትል አፏን ከፈተች። አረንጓዴዋ ነጥብ እንደበራች ነው።

«ይልማ ከሌለ ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንለፍ» አለ ፈረንጁ።

«አትዝጊው» አለች ሐዳሳ። «ክፈቺና ግቢ። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ። መልሱን አብረን እንሰማለን።»

በስልኩ ውስጥ ቁልፍ ሲዞር ተሰማት። በሰው ፊት እንግሊዝኛ ተናግራ የማታውቀው ሐዳሳ የማይክሮፎኑን ምልክት ተጫነች።

«አለን» አለች።