እኔን ባዩ አባት

ናዲራ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ እስከ ሜዳው ድረስ የአባቷን መኪና ወለል በእግሯ ስትደበድብ መጣች። መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። በስምንት ዓመቷ ከኮምቦልቻ አሜሪካ መጥታ ሴንት ፖል ከተማ ያደገች፣ ኳስ የያዘውን ይዘው በሚጥሉበት በራግቢ ጨዋታ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ሁለት ዓመት የተሰለፈች ልጅ ናት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ቦታዋን አጥታለች። ዛሬ መራጮቹ በሙከራ ግጥሚያ ያዩዋታል፤ ወይ ትመለሳለች፣ ወይ በዚያው ቀረች።

ጥፋቱን በልቧ የጣለችው አባቷ ላይ ነው። መንሱር ሆደ ቡቡ ነው፤ ማንም ይውደቅ ማን «እኔን!» ሳይል አያልፍም። አምና ከካናዳ ጋር ሲጫወቱ፣ ናዲራ አንዷን ሯጭ ወገቧን ይዛ ልትጥላት ስትል፣ ከተመልካቹ መሀል «እኔን! የሰው ልጅ!» የሚል የአባቷ ድምፅ ተሰማ። ክንዷ ላላ። ካናዳዊቷ አመለጠች፣ አሜሪካ ተሸነፈች፣ ናዲራም ቦታዋን አጣች።

«አባ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ አንዲት ቃል እንዳትወጣህ። ፎከስ ማድረግ አለብኝ።»

«የኤርፖርቱን ሺፍት ስዊች ያደረግኩት ላይሽ ነው እንጂ ልጮህ ነው? ወላሂ ትንፍሽ አልልም!»

ግጥሚያው ሲጀመር እውነትም ትንፍሽ አላለም። ያ ደግሞ ባሰ። ሁለት የተጋጣሚ ልጆች ተጋግዘው መሬት ሲያላትሟት ጆሮዋ የለመደውን ጠበቀ፤ የለም። ሆድ ባሳት። ቀና ብላ ብታይ፣ አባቷ የሥራ መታወቂያውን ማንጠልጠያ በጥርሱ ነክሶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቆሟል። ምን አስነከስኩት ብላ አፈረች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚዎቹ ረጅሟ ሯጭ ኳሱን ይዛ ከነፈች። ናዲራ ተወርውራ ወገቧን ጠመጠመቻት። ተያይዘው ሲወድቁ ልጅቷ ስታቃስት ሰማችና አፏ አላስቻላትም፤ «እኔን!» አለች። ክንዷ ግን መሬት እስኪነኩ ድረስ አልላላም። ከዚያ ለቀቀቻት፣ ብድግ ብላ ኳሱን ነጠቀች።

ከሜዳ ስትወጣ የመራጮቹ አለቃ ጠርታ ወደ ቡድኑ መመለሷን ነገረቻት። ናዲራ ወደ አባቷ በረረች።

«ገባሁ አባ! ደግሞ እኔም እኮ አልኩት! እኔን እያልኩ ጣልኳት!»

መንሱር ማንጠልጠያውን ከአፉ አወጣ። «እሰይ የኔ ልጅ! አምናስ ቢሆን እኔን አልኩ እንጂ ልቀቂያት መቼ ወጣኝ?»

ናዲራ ዓመት ሙሉ አኩርፋው የኖረችው አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። መንሱር ጉልበቷ መድማቱን ያየው ያኔ ነው።

«እኔን!» አለ፣ ሜዳው እስኪሰማው።