እንደቆመ ይምጣ

ሰዓት ጠጋኙ ክንዱን ዘርግቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አርባ ዓመት ሙሉ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ ብሎኖች ሲያነሳ እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው፣ መርፌ ግን ማየት አይችልም።

«አባባ፣ ምንም አልበላህም አይደል?» አለችው ልጁ ላስቲኩን ክንዱ ላይ እያሠረች። በዚህ ላቦራቶሪ ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው።

«ውሃ እንኳ በልክ ነው የጠጣሁት።»

«የጨጓራ ቃጠሎውን ክኒንስ? ከሁለት ሳምንት በፊት አቁም ብዬህ ነበር።»

«አቁሜያለሁ አልኩሽ እኮ፣ ጠብታ። እናትሽ እንኳ እንዲህ መርምራኝ አታውቅም።»

ጠብታ የሕፃንነት ስሟ ነው፤ ስትወለድ ሁለት ኪሎ አልሞላችም ነበር።

የሰዓት ጠጋኙ ታላቅ ወንድም ያረፈው በጨጓራ ካንሰር ነው። ጨጓራውን የሚያዩበትን ቱቦ በጉሮሮው ሲያስገቡለት እጁን ይዞት የቆመው እሱ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ «ቱቦ» የሚለውን ቃል እንኳ መስማት አይፈልግም። ሐኪሙ ግን ቁርጡን ነግሮታል፤ የደም ምርመራው የጨጓራው ሽፋን መሳሳቱን ካመለከተ ቱቦው አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ወጣ። ልጁ መጀመሪያ ያየችው ጨጓራ አሲድ ሲያንሰው የሚጨምረውን ሆርሞን ነው። ከመደበኛው አራት እጥፍ ሆኗል። የሳሳ ሽፋን አሲድ እንደማያመርት ታውቃለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ልማዷ ቀጣዩን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሽፋኑ ራሱ የሚያመርተው ፔፕሲኖጅን የሚባለው ንጥረ ነገርም ከፍ ብሏል። ሽፋኑ ሳስቶ ቢሆን ኖሮ ይሄኛው መውረድ ነበረበት። ማሽኑን ፈተሸች፣ ናሙናውን ደገመች፤ ያው ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ከፍ የሚያደርግ አንድ ነገር ታውቃለች፤ አሲድ የሚቀንሰው ክኒን።

ጋውኗን ሰቅላ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች።

ሱቁ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምበት ነው። አባቷ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አንድ ደንበኛ ላይ ይነጫነጫል። «ማን ዘይት አድርግበት አለህ? ሰዓት ሲቆም እንደቆመ ነው የሚመጣው። ነካክታችሁ፣ በሽታውን ደብቃችሁ ታመጡና ፈልግ ትሉኛላችሁ።»

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እሷ በቦታው ቆመች።

«ትናንት ስንት ክኒን ዋጥክ?»

መነጽሩን አወለቀ። «ማን ነገረሽ?»

«ደምህ።»

መሳቢያውን ስቦ አንዲት ቆርቆሮ አወጣ። ክኒኖቹ ከሰዓት ጥርሶች ጋር ተደባልቀው ተኝተዋል። «ሁለት ሁለት፤ ሳምንቱን ሙሉ። ጨጓራዬ ትንሽ ቢረጋጋ ደሙም ደህና ሆኖ ይታያል ብዬ ነው። እንዳትደነግጪ።»

«ያስደነገጥከኝስ አሁን ነው። ቅድም ለሰውየው ያልከውን እስቲ ድገምልኝ።»

ቆርቆሮዋን ተመለከተ። ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ፤ እየሳቀ ነው። «እንደቆመ ይምጣ» አለና ቆርቆሮዋን ወደ እሷ ገፋ።

ሐኪሙም ተስማማ፤ አባቷ ሁለት ሳምንት ያለ ክኒን ቆየ። ቃጠሎው በተነሳ ቁጥር በጥገና ወረቀቶቹ ላይ ይጽፍላታል። «ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሃያ ሦስት ደቂቃ። የሰዓቱን ትክክለኛነት አረጋግጫለሁ።» ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አስቀመጠቻቸው።

ለሁለተኛ ጊዜ ደም ስትቀዳው ግድግዳውን ሳይሆን እሷን አየ።

ውጤቱን ሱቁ ድረስ አመጣችለት። «ሁለቱም ቁጥሮች መስመራቸው ውስጥ ገብተዋል። ሽፋኑ ደህና ነው። ባክቴሪያ ግን አለብህ፤ ሐኪሙ የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት አዞልሃል።»

«ቱቦውስ?»

«የለም።»

ከጥገና ወረቀቶቹ አንዷን ሳብ አደረገና በዚያ ደቃቅ ጽሑፉ «አንድ ጨጓራ። አሮጌ። ይሠራል። በአሥራ አራት ቀን ይደርሳል» ብሎ ጻፈ። ሰዓት ሲረከብ ለደንበኛ የሚሰጠውን ግማሽ ቀዶ እጇ ላይ አስቀመጠላት።

«እንዳትጥያት» አላት። «ያለ እሷ ለማንም አላስረክብም።»