አሥራ አንድ ሜትር

እናቴን የገጨው መጋረጃ ነጋዴ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ከዜብራ ውጭ ዘላ ገባችብኝ» አለ። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላት፣ ከወንበር ለመነሣት እንኳ ሁለቴ የምታስብ ሴት ዘለለች! ጠበቃው ደግሞ ጥፋቱ ቢያንስ ግማሽ በግማሽ ይካፈል ብሎ ተከራከረ። እማዬ ክራንቿን ታቅፋ «እኔ በመስመሩ ነው የተሻገርኩት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። የሚያምናት ግን አጣች።

ዳኛዋ ቦታውን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። እማዬ የወደቀችው ከመብራት ምሰሶው ሥር መሆኑን ነጋዴውም አልካደም። ሜትሩ ከምሰሶው እስከ ዜብራው ተዘረጋ፤ አሥራ አንድ ሜትር። ነጋዴው ፈገግ አለ። እኔ ቆሜ ሞትኩ።

ያንን ዜብራ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ መንገድ ላይ መስመር መቀባት ነው። እማዬ ከተገጨች በሁለተኛው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ «የደበዘዘውን ዜብራ አድስ» ብሎ እዚያው ላከኝ። ኩርባው ላይ ስለሆነ መኪናው ድንገት ነው ከች የሚለው። የእናቴ እግር የተሰበረበትን መስመር አሳምሬ ሌላ እናት ላስገጭ? ማንንም ሳልጠይቅ አሮጌውን በጥቁር ቀለም ደፍኜ፣ አዲሱን ወደ ገላጣው ቦታ አራቅኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ! ነጋዴው በዚያ ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «በርታ» ብሎኝ ነበር። ለካ ለራሱ ነው።

ብናገር ከሥራዬ እባረራለሁ። ዝም ብል እማዬ ዕድሜ ልኳን ውሸታም ተብላ ትቀራለች፣ እሱም ይስቃል። ሳቁ አንገበገበኝ። የቀለም መፋቂያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ምሰሶው ፊት ተንበረከክኩ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«እናቴ የተሻገረችበትን እያሳየሁ ነው፣ ክብርት ዳኛ። የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

ጥቁሩ ተላጠና ከሥሩ ነጩ ብቅ አለ። ቀና እያልኩ የማየው የሰውየውን ፊት ብቻ ነበር። ያ ፈገግታ ሲከስም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ያለ ፈቃድ መስመር የሚያዛውር ሰው ይታመናል እንዴ?» አለ ጠበቃው።

«ያ ጥፋት የእኔ ነው፤ ሙሉውን እሸከመዋለሁ» አልኩት። «የዚህን ሰውዬ ጥፋት ግን እናቴ ቅንጣት አትካፈለውም።»

ጥፋቱ መቶ በመቶ የእሱ ነው ተብሎ ተፈረደ። እኔም የስንብት ደብዳቤዬ ደረሰኝ። ከመሄዴ በፊት ግን ኩርባው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ተሠራና፣ ዜብራውን ወደ ቦታው እንድመልስ ታዘዝኩ። እንደዚያን ቀን አጥርቼ ቀብቼ አላውቅም።

ነጋዴው ሱቁን የሚከፍትበትን ሰዓት አውቃለሁ። ቀለሙ በደረቀ ማግስት እማዬን ይዣት ሄድኩ። መኪናው ከኩርባው ወጥቶ መስመሩ ፊት ቆመ።

«ቀስ በይ እማዬ፣ የሚያስቸኩለን የለም።»

በክራንቿ አንድ፣ ሁለት እያለች ተራመደች። መሃል ላይ ቆማ ሻርፗን አስተካከለች። ሰውየው እጁን ወደ ጡሩምባው ሰደደና እኔን ሲያይ መለሰው።

ማዶ ደረስን። እማዬ ዞር ብላ መኪናውን አየችው።

«ልጄ» አለችኝ፣ «እስቲ መልሰህ አሻግረኝ።»