የወደራ ቁልቁለት

«ፍየል ነው የገባበት» ሲል ሰማችው።

ድንኳኑ ከቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ ስለተተከለ የወንዶቹ ወሬ በመስኮቱ ጥርት ብሎ ይገባል። ተናጋሪው አምሀ ነው፤ የባሏ የጁነይድ የልብ ጓደኛ፣ ጁነይድ ከብስክሌት ወድቆ ሲሞትም አብሮት የነበረ ብቸኛ ሰው።

ቀድሪያ ፍራሹ ላይ ቀና አለች። ትናንት ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው ሌላ ነበር። «ፍሬኑ እምቢ አለው» ነበር ያለው። የጁነይድ ታላቅ ወንድም ዓብዱልሀኪም «የነገሌን ባጃጅ ሁሉ ፍሬን የሚሠራ ሰው፣ የራሱ ፍሬን እምቢ አለው?» ብሎ ሲጠይቀው ተነስቶ ወጣ። ዛሬ ደግሞ ፍየል መጣች።

«ሰማሽ?» አሏት ጎረቤቷ አደ ዲንኪቱ፣ የሻይ ፔርሙዙን ክዳን እየጠመዘዙ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ሁለት ሆነው ሄዱ፣ አንዱ ተመለሰ። በመሀል ያየ ሰው የለ።»

«አደ፣ ይተዉ እባክዎ።»

«እኔስ ልተወው። ዓይኑን አይተሽዋል? እዚህ ቤት ከገባ እህል አልቀመሰም። ወንድምሽን እንኳን ቀና ብሎ አላየውም።»

ይሄንን ቀድሪያም አስተውላለች። አምሀ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ድንኳኑ በር ላይ ነው። ሰው ስሙን ሲጠራው ይደነግጣል።

ጁነይድ የሞተው ከክብረ መንግሥት ተነስቶ ነገሌ በሚገባ የብስክሌት ጉዞ ላይ ነው። ለአከርካሪ ጉዳት ምርምር ርዳታ ለማሰባሰብ የተዘጋጀ ጉዞ ነበር። ከተማው መጀመሪያ ሲሰማ አላመነም። «ፔዳል በመምታት የማን ወገብ ዳነ? ከጀርባው ሌላ ነገር አለው» ተባለ። ጁነይድ ግን ቀድሞ ተመዘገበ።

ምክንያቱ ሊባን ነበር፤ የቀድሪያ ታናሽ ወንድም። ሊባን ከኢሱዙ ጭነት ላይ ወድቆ አከርካሪው ሲጎዳ፣ ከቀድሪያ ጋር አዲስ አበባ ድረስ ይዞት የሄደው ጁነይድ ነው። ሐኪሙ «እግሩን መልሶ የሚያስነሳ መድኃኒት ገና አልተገኘም» አሏቸው። ቀድሪያ የሰማችው «አልተገኘም» የሚለውን ነበር። ጁነይድ ግን በአውቶቡስ ሲመለሱ አንዲቱን ቃል ይዞ ቀረ። «ገና ነው ያሉት፣ ቀድሪያ። የለም አላሉም እኮ። ገና ነው ያሉት።»

ሊባንን ወደ እናቱ ቤት ሳይሆን ወደ ራሱ ቤት አስገባው። ሰው ሲጠይቀው «ጋራዤ ቅርብ ነው፣ ብቅ እያልኩ አየዋለሁ» ይል ነበር።

አምሀን ወደ ጉዞው ጎትቶ ያስገባውም እሱ ነው። አምሀ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ ቁመቱ ረጅም፣ ቁልቁለት የሚፈራ። ከሥራ በኋላ ሜዳ ላይ ሲለማመዱ ጁነይድ እየቀደመው፣ ዞሮ እየጠበቀው፣ እየሳቀበት ይመለሱ ነበር። «ቀጭኔ ብስክሌት ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ይላል በር ላይ። አምሀም ይስቃል። አሁን ግን ያ ሳቅ ለቀድሪያ ሌላ መስሎ ታያት። ሁልጊዜ የሚሸነፍ ሰው ምን ያስባል? ብቻቸውን ጎን ለጎን ሲወርዱ ቢገፋውስ? አስተግፍሩላህ አለች በልቧ። ሐሳቡ ግን አልሄደም።

ለዙሁር ሶላት ውዱእ ልታደርግ ወደ ጓሮ ወጣች። ከአደጋው ቦታ የመጣው ብስክሌት አጥሩን ተደግፎ በላስቲክ ተሸፍኗል። እሷ እንዳታየው ብሎ አንድ ሰው ነው የሸፈነው። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ላስቲኩን ገለጠች። መሪው ተጣሟል። የፊት ጎማው ታጥፏል። መቀመጫው ግን እንዳለ ነው፤ እላይ፣ ደረቷ አካባቢ።

ጁነይድ አጭር ሰው ነበር። ሰርጋቸው ላይ እንኳ ፎቶ አንሺው ድንጋይ ላይ ያቆመው ሰው ነው።

«ይሄ የሱ አይደለም» አለች ጮክ ብላ።

አደ ዲንኪቱ ከኋላዋ ደርሰዋል። «የጁነይድን ብስክሌት ልጄ አይታዋለች። አምሀ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ቆሟል። እኔ ሆዴ አልችል ብሎ እንጂ ልነግርሽ አልፈለግሁም። ለዓብዱልሀኪም ንገሪው። ወንድሞቹ ይያዙት።»

ቀድሪያ ወደ ድንኳኑ አየች። አንድ ቃል ብቻ ይበቃቸዋል። የጁነይድ ወንድሞች ከትናንት ጀምሮ ተጠጋግተው ይንሾካሾካሉ፤ አምሀ ሲያልፍ በዓይናቸው ይሸኙታል።

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቀው» አለች። «ሊባን ጋ ይጥሩልኝ።»

ባሏ ሞቶ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ከባዕድ ወንድ ጋር ብቻዋን አትቀመጥም። የሊባንን ክፍል በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሊባን፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ ጎኑ ቆሞ፣ አልጋው ላይ በጀርባው እንደተኛ ነው። አምሀ ገብቶ መሀል ላይ ቆመ።

«ውጭ ያለው ብስክሌት ያንተ ነው» አለችው።

ሊባንን አየ፣ በሩን አየ። «አዎ።»

«የሱስ?»

«እኔ ቤት ነው። ላመጣው ፈራሁ።»

«ምን አድርገህ ነው የምትፈራው?»

አምሀ ከንፈሩን ላሰ። «ወደራ አርፈን ልንነሳ ስንል የፍሬኔን ሽቦ ነካ ነካ አደረገና ተበልቷል አለ። እኔ የጉዞው አጃቢ መኪና እስኪመጣ ልጠብቅ አልኩ። መኪናው ሩቅ ነበር፣ ጎማ የፈነዳባቸውን እየጠበቀ። ጁነይድ ሳቀብኝ። ‹ሊባን አደባባይ ላይ እየጠበቀህ አንተ በመኪና ልትገባ ነው?› አለኝ። የሱን ሰጠኝና የኔን ያዘ። ‹በእግሬ እየገታሁ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ› አለ።»

«እግሩ መሬት አይደርስም!»

«መቀመጫውን ዝቅ እናድርገው አልኩት። መፍቻው መኪናው ላይ ነው፣ ለቁልቁለቱ ብቻ ነው፣ አለኝ።»

ሊባን ክንዱን ዓይኑ ላይ ጣለ። ቀድሪያ ግን አምሀን አልለቀቀችውም።

«ይሄ ምኑ ይደበቃል? ፍየል ምን ልታደርግ መጣች? ሌላ ነገር አለ።»

አምሀ እንደደከመው ሰው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሲወድቅ አላየሁትም» አለ። «ቀድሜው ወርጄ ነበር። የሱ ብስክሌት እንዴት እንደሚሄድ! በሕይወቴ ቀድሜው አላውቅም። ታች ደረስኩና ግራሩ ሥር ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምቀልድበት እያሰብኩ ብቻዬን እስቅ ነበር፣ ቀድሪያ። ሲዘገይ ሊያናድደኝ ሆን ብሎ የቆየ መሰለኝ። ውሃዬን ጠጣሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ከላይ የመጣ የኢሱዙ ሹፌር ነው የነገረኝ። እሱ እዚያ ወድቆ እኔ እስቅ ነበር። ሰው ሁሉ ‹ምን አየህ?› ይለኛል። ምን ልበል?»



«እኔ ነኝ አደባባይ ላይ የጠበቅኳችሁ» አለ ሊባን፣ ክንዱን ሳያነሳ።

 እነዚህን ቀናት ሁሉ ጥርጣሬው ቀድሪያን ቀጥ አድርጎ ይዟት ነበር። አሁን የምትደገፍበት አጣች። ጁነይድ ቆሞ ሲስቅ ታያት፤ ረጅም ብስክሌት ላይ ሲንጠላጠል፣ እግሩ አየር ላይ። እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርገው እሱ ብቻ ነበር።

«ቀድሪያ!» ዓብዱልሀኪም ነው፣ ከድንኳኑ።  «ምን ይላል? ምን አለሽ?»

አደ ዲንኪቱ በሩ ላይ ቆመዋል። አምሀ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። የሚመጣውን ለመቀበል የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

«ሊባንን ልናገላብጠው ነው» አለች ቀድሪያ ወደ ውጭ። «ሳይገላበጥ ረፈደ። ቁስል ይይዘዋል።»

ከአልጋው ራስጌ የጁነይድን ሽርጥ አነሳች። እሱ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከጋራዥ መጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ በዚሁ ሽርጥ ነበር የሚያገላብጠው፤ እሷ በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላው። ከሞተ ወዲህ ለቀስተኛው በየተራ በትከሻው ይጎትተዋል፤ ሊባን ጥርሱን ይነክሳል።

ሽርጡን አጥፋ ከወንድሟ ወገብ ሥር አሳለፈችው። ጫፉን በአልጋው ላይ ወደ አምሀ ገፋች።

«በዚያ በኩል ዙር» አለችው።

አምሀ ዞረ። ጫፉን ያዘ። አያያዙን እስኪያስተካክል ድረስ የራሷን ጫፍ ወጥራ ጠበቀችው።

«ቀስ» አለች።